ሴሎችን በድምፅ ማሰባሰብ

አንድ ሚሊሊትር ደም 5 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴሎች ይይዛል። ከዕጢ ተገንጥለው በደም የሚዞሩ የካንሰር ሴሎች ግን በዚያው ሚሊሊትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከጣት ቁጥር አያልፉም። እነዚህን ጥቂቶች ሳይጎዱ በትንሽ ጠብታ ማሰባሰብ ከባድ ሥራ ነው፤ ሴንትሪፊውጅ ሲያሽከረክራቸው አንዳንዶቹ ይጠፋሉ፣ ይጎዳሉም።

የድምፁ ዘዴ የሚጀምረው ከጠባብ ቦይ ነው። ሲሊከን ላይ 375 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቀርጾ በመስታወት ይከደናል፤ ከሥሩ በኤሌክትሪክ የሚርገበገብ ሴራሚክ ይለጠፋል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሴራሚኩ በ2 ሜጋኸርዝ ሲርገበገብ የሞገዱ ርዝመት 750 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የቦዩ ስፋት እጥፍ ይሆናል። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ መሐል ላይ ግፊቱ የማይለዋወጥበት መስመር ይፈጠራል። ከውሃ የሚከብዱትና እንደ ውሃ በቀላሉ የማይጨመቁት ሴሎች ወደዚያ ይገፋሉ። በማይክሮስኮፕ ለሚያየው፣ ቦዩን ሞልቶት የነበረው ብዥታ ወዲያው እንደ ቀጭን ክር ይሰበሰባል። ቦዩ መጨረሻው ላይ በሦስት ይከፈላል፤ ሴሎቹ በመካከለኛው፣ ትርፉ ፈሳሽ በግራና በቀኝ ይወጣል።

መሠረቱ አሮጌ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ኩንት በ1866 በመስታወት ቱቦ ውስጥ የበተነው ዱቄት በድምፅ ተሰባስቦ ታይቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየቱ ጎርኮቭ ድምፅ ጥቃቅን ነገሮችን የሚገፋበትን ኃይል የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በቦይ ላይ የተደረገው ሥራ ግን በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይ የቶማስ ላውሬል ቡድን ትልቅ ባለውለታ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እዚያው ለልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገው ሙከራ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከደረት የሚሰበሰበው ደም የስብ ጠብታዎች ይኖሩታል፤ ተጣርቶ ካልተመለሰ ጠብታዎቹ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሊደፍኑ ይችላሉ። ስብ ከውሃ ስለሚቀልና በቀላሉ ስለሚጨመቅ፣ ቀይ ሴሎቹ መሐል ሲሰለፉ እሱ ወደ ግድግዳው ይሸሻል። አንዱ ድምፅ ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋቸዋል። በ2012 ደግሞ እዚያው ሉንድ ደረጃ በደረጃ ፈሳሽ እየቀነሱ የሴሎችን ክምችት 200 እጥፍ ማሳደግ ተችሏል።

ፈተናው መጠን ላይ ነው። የሚገፋው ነገር ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ባክቴሪያን ያህል ትንሽ ነገር ሲሆን፣ ድምፁ ራሱ በውሃው ውስጥ የሚቀሰቅሰው ሽክርክሪት ከኃይሉ ይበረታና ከመስመሩ ያወጣዋል። በ2014 የሉንድ ተመራማሪዎች ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር የቦዩን ቁመትና ወርድ እኩል አድርገው ሞገዱን በሁለቱም አቅጣጫ አስነሱ። ያኔ የሽክርክሪቱ ቅርጽ ተለወጠ፤ ባክቴሪያዎቹም መሐል ላይ ተሰበሰቡ።