ያልተጠሩት ስምንቱ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቍስል ገና ሳይጠግግ፣ የብሪታንያ ሕዝብ ዳቦውን ሳይቀር በራሽን እየተቀበለ በሚያድርበት ዘመን፣ የስኮትላንድ መናገሻ ኤድንብራ ለሦስት ሳምንት የሚዘልቅ የሙዚቃና የቴአትር በዓል ልታደርግ መነሣቷን የሰማ ሰው፣ ጎተራው ባዶ በሆነ ቤት የሚደገስ ድግስ መስሎት ቢደነቅ የሚፈረድበት አልነበረም።

አሳቡን ያፈለቁት፣ ቪየና ተወልደው ናዚዎች ሲበረቱ ወደ እንግሊዝ የመጡት የግላይንድበርን ኦፔራ ሥራ አስኪያጅ ሩዶልፍ ቢንግ ነበሩ፤ ኤድንብራን የጠቆሟቸው የብሪቲሽ ካውንስሉ ሄንሪ ሃርቪ ዉድ፣ የከተማውን ምክር ቤት ያሳመኑት ደግሞ ከንቲባው ሰር ጆን ፋልኮነር ናቸው። ገንዘቡም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከመንግሥቱ የኪነ ጥበባት ምክር ቤትና ከለጋሶች ተዋጣ፤ ከለጋሶቹ አንዱ ሎርድ ሮዝቤሪ የሰጡት ፈረሳቸው በእሽቅድምድም ያገኘላቸውን ሽልማት ነውና፣ ፈረስ ለኪነ ጥበብ ይህን ያህል ውለታ የዋለበትን ሌላ ጊዜ እኔ አላውቅም።

እንዲህ ያለውን በዓል አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው፣ ገንዘብ ያወጣ ሁሉ ዜማውንም ልምረጥ ማለቱ ነው። በኤድንብራ ግን ሹማምንቱ ሒሳቡንና አዳራሾቹን ይዘው፣ ማን ይዘምር ማን ይጫወት የሚለውን ለሚስተር ቢንግ ተዉ፤ በናዚዎች ምክንያት ተለያይተው የኖሩት ሊቀ ሙዚቃው ብሩኖ ዋልተርና የቪየና ፊልሃርሞኒክ ጓድ እንደገና አብረው የቆሙትም በዚያ መድረክ ላይ ነው።

የሕዝቡስ ድርሻ ምን ነበር ቢሉ፣ ሆቴሎቹ ለእንግዳው ስለማይበቁ ነዋሪው መኝታ ቤቱን አካፈለ። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የከሰሉ ነገር ነው። በከተማው መካከል በዐለት ጫፍ የተቀመጠው ጥንታዊ ግንብ ሌሊቱን በመብራት እንዲደምቅ ቢታሰብ፣ የነዳጅ ሚኒስትሩ ኢማኑኤል ሺንዌል በዚህ የችግር ጊዜ አይሆንም ብለው ከለከሉ፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በውርጭና በበረዶ ክፉኛ የተቀጡት ነዋሪዎች ግን፣ ለየምድጃቸው በራሽን የሚሰፈርላቸውን የድንጋይ ከሰል ለግንቡ መብራት እንስጥ ብለው ተነሡ። ሚኒስትሩ ተረቱ፤ ግንቡም በራ።

በማግሥቱ ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ እንኳ ደጇን ከፈተች፤ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀመጥበት አዳራሽ፣ ታይሮን ገትሪ የተባሉት አዘጋጅ ሰር ዴቪድ ሊንድሴ በ16ኛው መቶ ዓመት የደረሱትን ተውኔት አሳዩ። ተውኔቱ የጥንቱን ዘመን ጳጳሳትና ካህናት የሚዘልፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ሁሉ የተጠሩት እንግዶች ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግን ማንም ሳይጠራቸው ስምንት የቴአትር ጓዶች፣ ስድስቱ ከስኮትላንድ ሁለቱ ከእንግሊዝ፣ በገዛ ወጪያቸው መጥተው የየራሳቸውን ቦታ ፈልገው ተጫወቱ፤ አንዱማ ትርኢቱን ያሳየው ከከተማው ውጭ በዳንፈርምሊን ገዳም ነበር። ዛሬ ፍሪንጅ የሚባለው፣ ከዋናው በዓል በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ትርኢት የተወለደው ከእነዚህ ነው። በ1958 የፍሪንጅ ተጫዋቾች ማኅበር ሲያቋቁሙም ሥርዓቱ የሚገርም ሆነ፤ በእኛ አገር የጽዋ ማኅበር ሙሴ የሚባለው አለቃ የማኅበርተኛውን ተራ ይጠብቃል፣ ያጠፋውን ይገሥጻል፤ የፍሪንጅ ማኅበር ግን የትርኢት ዝርዝር ያትማል፣ ቲኬት ያሸጣል፣ ምክር ይሰጣል እንጂ፣ ይህ ይግባ ያ ይውጣ የማለት ሥልጣን የለውም።

ሆኖም መራጭ በሌለበትም ኪስ ይመርጣል። አዳራሽ የሚከራየው፣ የሚከስረውም ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ በ1947 ለእንግዳ የተከፈተው የኤድንብራ መኝታ ቤት ዛሬ በነሐሴ ወር ኪራዩ እጅግ ከመናሩ የተነሣ፣ ወጣት ተዋንያን አንዱን ክፍል ለብዙ ተጋርተው ያድራሉ።