ጂንካ ላይ የተስተካከለ ሞተር አርቦሬ ሲወርድ

ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቀይ አፈርና በወይጦ አድርጎ ቁልቁል የወረደ ሰው አርቦሬ ሲደርስ 600 ሜትር አካባቢ ይገኛል፤ በስተደቡቡ የጨው ባሕር ሜዳ ተዘርግቷል። መንገደኛው መጀመሪያ የሚሰማው ሙቀቱ ነው። በሬዲዮ በሚመራ ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ የተገጠመ የቤንዚን ሞተር ግን ሌላም ለውጥ ያገኘዋል፤ አየሩ ወፍሯል።

ጂንካ 26፣ አርቦሬ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ሰዓት እንኳ የአርቦሬ አየር በ6 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ሙቀት አየርን ያሳሳል፤ የ800 ሜትር ቁልቁለት የሚጨምረው ግፊት ግን ይበልጠዋል። ስለዚህ ጂንካ ላይ ልክ የነበረው ድብልቅ እዚህ ይቀጥናል። አየሩ በጨመረው መጠን ቤንዚኑ አይጨምርም። ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ይህ አየር ላይ ከሆነ አውሮፕላኑ ያለ ጉልበት ቁጥቋጦ መሃል ይወርዳል።

ሞተርን ከአውሮፕላን አካል ጋር ማጣጣም ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገር የተሠራችውና በጥር 2024 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የዋልተር ቬነስ ሞተር ነበራት። አስመላሽ ዘፈሩ ደግሞ ኬ-570ኤ ብሎ የሰየመውን አውሮፕላን በራሱ እጅ ሲሠራ የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ነው የገጠመለት።

የትንሹ አውሮፕላን ሥራ የሚጀምረው ከመያዣው ነው። ባለ 20 ሲሲ አንድ ሲሊንደር ሞተር ክፉኛ ይነቀንቃል። የሚታሰርበት የፊት ግድግዳ ጠንካራ ኮምፖንሳቶ መሆን አለበት፤ ብሎኖቹም በማጣበቂያ ካልተያዙ ንዝረቱ ያላላቸዋል። ሞተሩ ከመሃል መስመር ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ አፍንጫውን ወደ ግራ ስለሚስብ። የነዳጁ ቱቦ ለቤንዚን የተሠራ ይሁን። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የካንዴላው ማቀጣጠያ የሬዲዮ መቀበያውን ስለሚረብሽ ሁለቱ ተራርቀው፣ እያንዳንዱ በራሱ ባትሪ መሥራት ይኖርበታል። የጋዙ መጎተቻም ብረት ባይሆን ይሻላል፤ ብረት ረብሻውን ተሸክሞ ወደ መቀበያው ያደርሳል።

ሽፋኑ ላይ ያለው የአየር መውጫ ለአርቦሬ ወሳኝ ነው። ከመግቢያው ሁለት እጥፍ፣ ቢቻል ሦስት እጥፍ ይስፋ። ብዙዎች መግቢያውን ብቻ ያሰፋሉ፤ መውጫ ያጣ አየር ግን ሲሊንደሩን አያቀዘቅዝም።

ቤንዚኑ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ በደንብ ይጣራ፤ ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ካለም ይታያል። ለአንድ ሊትር 33 ሚሊ ሊትር ያህል የባለሁለት ምት ዘይት ይበቃል፤ አምራቹ ሌላ መጠን ካዘዘ የእሱ ይቅደም።

ካርቡሬተሩ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ለዝቅተኛ፣ አንዱ ለከፍተኛ ፍጥነት። ሁለቱም ቀስ ብለው ከተዘጉ በኋላ አንድ ዙር ተኩል ገደማ ተከፍተው ሞተሩ ይነሣል። ሲሞቅ ጋዙ እስከ መጨረሻው ይሰጥና የከፍተኛው ብሎን ድምፁ እስኪቀጥን ይዘጋል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ይከፈታል። ያቺ ትንሽ መልስ የሞተሩ ዕድሜ ናት። ቀጥሎ በረዳት ተይዞ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀና። ድምፁ ከሳሳ ብሎኑ ገና መከፈት አለበት። ሚኒሞው የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው በፕሮፔለሩ ጎን መቆም የለበትም። አርቦሬ ላይ ሞተር ሲጮህ ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ገመድ ሳይዘረጋ ሞተር ማስነሣት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። የማብረሪያ ፈቃድም ከጂንካ ከመነሣት በፊት እጅ ላይ መኖር አለበት።

ጥንቃቄው የት ድረስ እንደሚያደርስ ሜናርድ ሂል የተባለው አሜሪካዊ አሳይቷል። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረቦቹ የሠሩት፣ 5 ኪሎ ግራም የማይሞላ አውሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ አየርላንድ አረፈ። በረራው 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ወሰደ። ሞተሩ 10 ሲሲ ባለአራት ምት፣ ነዳጁ ለፋኖስና ለካምፕ ምድጃ የሚሸጥ ነበር። ሂል ያን ጊዜ 77 ዓመቱ ነበር፤ ዓይኑም ደክሞ ለማየት ይቸገር ነበር።

አርቦሬ ላይ የጠዋቱና የቀትሩ አየርም አንድ አይደለም። ሙቀቱ ከ24 ወደ 38 ዲግሪ ሲወጣ አየሩ 4 በመቶ ተኩል ገደማ ይሳሳል። ለጠዋት በረራ ልክ የነበረው ድብልቅ በቀትር ትንሽ ይወፍራል፤ ይህ ሞተሩን አይጎዳውም። ጉዳቱ ያለው በቀትር አቅጥኖ በማግስቱ ማለዳ ማብረር ላይ ነው። ከመጀመሪያው በረራ በኋላ ካንዴላው ይፈታ። ጫፉ የቡና ቀለም ከያዘ ማስተካከያው ልክ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው በረራ ይቆይ፣ የከፍተኛው ብሎን በጥቂቱ ተከፍቶ ሞተሩ መሬት ላይ እንደገና ይፈተን።