የፈቃድ ሕግ በኮሚቴ ፊት
የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች አሠራር ለነጋዴው ምን ያስተምራል?

ነጋዴ ስለ አዲስ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ተቆጣጣሪው መዝገቡን ይዞ ከሱቁ በር በቆመበት ቀን ነው። በዚያን ቀን ግን ሕጉ ተረቅቆ፣ ተመርምሮ፣ ተፈርሞና ታትሞ አልቋልና አቤቱታ ቢያቀርብ የሚያገኘው መልስ «ሕግ ነው» የሚል ብቻ ይሆናል። ነገሩ ሊለወጥ ይችል የነበረው ከብዙ ወራት በፊት፣ ጥቂት እንደራሴዎች ረቂቁን ለመመርመር በተቀመጡበት የኮሚቴ ስብሰባ ነበር። ይህ ስብሰባ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት እንዴት እንደሚካሄድ ከዚህ በታች ይብራራል።

ካሊፎርኒያ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘውን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት በ2002 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በግዛቲቱ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ የሚወጣ የፈቃድ ሕግ የዚያን ሰፈር ባለሱቅና ቡና ቆዪ እጅ ሲያስር ወይም ሲፈታ፣ ለእነርሱ ዕቃ የሚልከው የአዲስ አበባ ነጋዴም ሂሳቡ አብሮ ይነካል።

አስቀድሞ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ነጋዴ የሚመዘገበውና ፈቃድ የሚያወጣው በመላ አገሪቱ በሚሠራ አንድ ሕግ፣ ይኸውም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) እና አዋጁን ባሻሻለው ቁጥር 1150/2011 መሠረት ነው። ካሊፎርኒያ ግን ለማናቸውም ንግድ የሚያገለግል አንድ ጠቅላላ የግዛት ፈቃድ የላትም። የንግድ ሥራ ፈቃድ ሰጥቶ ግብሩን የሚሰበስበው ከተማው ወይም አውራጃው ነው፤ ዕቃ የሚቸረችር ደግሞ ከግዛቲቱ የግብር መሥሪያ ቤት የሻጭነት ፈቃድ ያወጣል። ግዛቲቱ ራሷ አጥብቃ የምትቆጣጠረው ሙያን ነው፤ ሐኪሙ፣ መድኃኒት ቀማሚው፣ የሂሳብ አዋቂው፣ የሕንፃ ተቋራጩና ጸጉር አስተካካዩ እያንዳንዳቸው ፈቃድ የሚሰጥ፣ የሚያግድና የሚቀጣ ቦርድ አላቸው። እነዚህን ቦርዶች የሚመለከቱ ረቂቆች በሴኔቱ በኩል «የንግድ ሥራ፣ የሙያዎችና የኢኮኖሚ ልማት ኮሚቴ»፣ በሌላው ምክር ቤት በአሴምብሊው በኩል ደግሞ «የንግድ ሥራና የሙያዎች ኮሚቴ» ይመረምሯቸዋል። ሴኔቱ 40፣ አሴምብሊው 80 አባላት ሲኖሩት ረቂቅ ሕግ ለመሆን በሁለቱም ቤቶች ማለፍ አለበት። ይህም ለነጋዴው ጥቅም አለው፤ በመጀመሪያው ቤት ያመለጠውን በሁለተኛው ቤት ኮሚቴ ፊት ሊያነሣው ይችላልና።

በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መሠረት አንድ ረቂቅ ከቀረበ በኋላ እስከ 31ኛው ቀን ድረስ በኮሚቴ አይታይም፤ ይህን ጊዜ ለማሳጠር የቤቱ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ አንድ ወር ሕዝብ ረቂቁን አንብቦ እንዲመክርበት የተሰጠ ነው፤ ነገር ግን የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ የኮሚቴው ሠራተኞች የረቂቁን ማብራሪያ ያዘጋጃሉ። በማብራሪያው ውስጥ ነባሩ ሕግ ምን እንደሚል፣ ረቂቁ ምን እንደሚለውጥ፣ ደጋፊው የሚለውና ተቃዋሚው የሚለው ይጻፋል፤ በመጨረሻም ደብዳቤ የላኩ ማኅበራትና ድርጅቶች «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» ተብለው ስማቸው ይዘረዘራል። እንደራሴዎቹ በአንድ ቀን ብዙ ረቂቅ ስለሚቀርብላቸው ሁሉንም ከሥሩ መርምረው ይመጣሉ ማለት ያስቸግራል፤ የሚተማመኑት በዚህ ማብራሪያ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ማብራሪያው ከመጻፉ በፊት፣ ብዙውን ጊዜም ከስብሰባው አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ መድረስ ይኖርበታል። ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ከመግባት አልፎ የሚሠራው ሥራ አይኖርም።

ስብሰባው ራሱ አጭር ነው። ረቂቁን ያቀረበው እንደራሴ ያስረዳል፤ ከእያንዳንዱ ወገን ብዙ ጊዜ ሁለት ዋና ምስክሮች ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ የቀሩት ተሰልፈው ስማቸውን፣ የማኅበራቸውን ስምና «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የምትለውን አንዲት ቃል ብቻ ተናግረው ይሄዳሉ። ከሩቅ አገር ተጉዞ ሙሉ ንግግር አዘጋጅቶ የመጣ ሰው በዚህ ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም። ሆኖም ዋናው ድርድር ከስብሰባው በፊት ባሉት ቀናት በጽሕፈት ቤት ስለሚያልቅ፣ አዳራሹ የተስማሙበት ነገር የሚታወጅበት ቦታ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ድምፅ አሰጣጡም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ረቂቅ ከኮሚቴ ለመውጣት የሚያስፈልገው ከተገኙት አባላት ሳይሆን ከጠቅላላው የአባላት ቁጥር የሚበልጠው ድምፅ ነው። ኮሚቴው 13 አባላት ቢኖሩት 7 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፤ 6 ደግፈው፣ 2 ተቃውመው፣ 5 ዝም ቢሉ ረቂቁ ይወድቃል። እንግዲህ ዝም ያለው እንደራሴ ጠላት ሳይፈራ ረቂቁን ጥሏል ማለት ነው። ረቂቅ ይለፍልኝ የሚል ነጋዴ ተቃዋሚውን ለማሳመን ከመድከም ይልቅ ዝም የሚሉትን ቢያነጋግር ይሻለዋል።

ከተራው ረቂቅ ሌላ ካሊፎርኒያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የምትሠራበት አንድ ጥበብ የተሞላበት ልማድ አለ። ለእያንዳንዱ የሙያ ቦርድ የሚያበቃበት ቀን በሕግ ይወሰንለታል፤ ቀኑ ሲቃረብ ኮሚቴዎቹ ቦርዱን ጠርተው «ሥራህ ምንድር ነው? ይህ ፈቃድ ሕዝቡን ከምን ጉዳት ይጠብቃል? ክፍያህ ለምን ይህን ያህል ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል። በቂ መልስ ሲገኝ ዘመኑ ይራዘማል፤ ካልተገኘ አሠራሩ ይሻሻላል ወይም ቦርዱ ይቀራል። አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ተቋቋመ ብቻ ለዘለዓለም እንዳይኖር የሚያደርግ አሠራር በየትም አገር ላለ ነጋዴ የሚያስቀና ነው።

የዚህ ምርመራ ፍሬ በጸጉር ሥራ ላይ በግልጽ ታይቷል። በዚያ ግዛት አንድ የውበት ባለሙያ ፈቃድ ለማግኘት 1,600 ሰዓት፣ ወንዶችን የሚያስተካክለው ደግሞ 1,500 ሰዓት በትምህርት ቤት መቆየት ነበረባቸው። በ2021 ዓ.ም. የቦርዱ ዘመን ሲመረመር የሴኔቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሪቻርድ ሮት የሴኔት ረቂቅ ቁጥር 803ን አቀረቡ። ረቂቁ ሕግ ሆኖ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሁለቱም ወደ 1,000 ሰዓት ወረዱ፤ የተግባር ፈተናው ቀረ፤ ጸጉር ለመቁረጥና ለማበጀት ብቻ ለሚፈልግም 600 ሰዓት የሚበቃው አዲስ ፈቃድ ተፈጠረ። ሰዓት በገንዘብ ሲተረጎም ምን እንደሆነ ሠራተኛዋ ታውቀዋለች፤ 600 ሰዓት ማለት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚማር ሰው 15 ሳምንት ያለ ደመወዝ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ሰዓት ሲቀንስ የትምህርት ቤቶች ገቢ መቀነሱ ግልጽ ነው፤ በኮሚቴ ፊት እንዲህ ያለው ጥቅም ከጥቅም ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ወገን የሚናገረው ግን ስለ ደንበኛው ደኅንነት ነው።

የሹሩባ ሥራ ከዚህ ቀደም ብሎ ነጻ ወጥቷል። ጸጉር መጎንጎን ብቻ የሚሠሩ ሴቶች ኬሚካልና መቀስ ሳይነኩ የውበት ባለሙያ ፈቃድ እንዲያወጡ ይጠየቁ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ ግዴታ ከሥራው ጋር የማይገናኝ መሆኑን ፈረደ፤ ከዚያም ሕግ አውጪው ጉንጎናን ከፈቃድ ግዴታ አወጣው። እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. የወጣው የሴኔት ረቂቅ ቁጥር 1159 የሙያ ቦርዶች በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ፋንታ የግብር ከፋይ ቁጥርን እንዲቀበሉ አዝዟል። ከአገሩ ሙያ ይዞ ለሚሄድ ስደተኛ ይህች አንዲት አንቀጽ ከብዙ ሰዓት ትምህርት መቀነስ ትበልጥበታለች።

ምግብን የሚመለከት ረቂቅ ግን ወደ ንግድ ኮሚቴ ሳይሆን አዘውትሮ ወደ ጤና ኮሚቴ ይመራል። ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «የንግድ» የሚለውን ስም ብቻ ሲጠብቅ ጉዳዩ በሌላ በር ያልፋል። የአሴምብሊ ረቂቅ ቁጥር 1616 በ2012 ዓ.ም. ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ማቀዝቀዣ የማያስፈልጋቸው ምግቦች እንዲሸጡ ፈቅዷል። ፈቃዱ ሁለት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ሰው በቀጥታ ለተጠቃሚው ብቻ ይሸጣል፤ በሁለተኛው ያለ ወጥ ቤቱ በጤና መሥሪያ ቤት ተመርምሮ ለሱቅና ለምግብ ቤትም ያቀርባል።

በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የተቆላ ቡና በስሙ ይገኛል። ይህም ለቡና ላኪ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓመት የሽያጭ ጣሪያ 35,000 ዶላር ነበር፤ በ2021 ዓ.ም. የወጣው የአሴምብሊ ረቂቅ ቁጥር 1144 ጣሪያውን ለመጀመሪያው ደረጃ ወደ 75,000፣ ለሁለተኛው ወደ 150,000 ዶላር አሳድጎ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከል አድርጓል። ለምሳሌ አንድ ሰው ቆልቶ አንዱን ፓውንድ በ20 ዶላር ቢሸጥ፣ 75,000 ዶላር ማለት 3,750 ፓውንድ፣ ወይም 1,700 ኪሎ ያህል የተቆላ ቡና ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ 16 ያህል ይቀንሳል ቢባል 2,025 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ይኸውም 60 ኪሎ ከሚይዘው ጆንያ ወደ 34 የሚጠጋ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ቢሆን 16 ጆንያ ያህል ብቻ ነበር። ላኪው ለአንድ ቆዪ የሚሸጠው ጆንያ ከእጥፍ በላይ እንዲሆን ያደረገው በሳክራሜንቶ ደረጃ በደረጃ የተሻሻለ አንድ ቁጥር ነው።

በ2012ቱ ሕግ ዝርዝር ላይ ሌላም ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ከዳቦ ዓይነት የሜክሲኮው ቶርቲያ፣ ከቅመም ዓይነት የሜክሲኮው ደረቅ ሞሌ በስማቸው ተጽፈዋል። እንጀራና በርበሬ ግን በስማቸው አልተጻፉም። ዝርዝሩ «እንደነዚህ ያሉ» ስለሚል ዳቦን የሚመስል ሁሉ ተከልክሏል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስሙ በሕግ የተጻፈለት ሻጭ ተቆጣጣሪ ሲመጣበት ጣቱን በመስመሩ ላይ ያሳርፋል፤ ስሙ ያልተጻፈለት ደግሞ ማስረዳትና መለመን ይጀምራል። አንድ ቃል በረቂቅ ውስጥ የሚገባው ቃሉን የሚያውቅ ሰው በጊዜው ሲጠይቅ ነው።

በ2018 ዓ.ም. የወጣው የአሴምብሊ ረቂቅ ቁጥር 626 ደግሞ በቤት የተሠራ ወጥ ሳይቀር ለመሸጥ በር ከፍቷል፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው አውራጃው ፈቅዶ በተቀበለበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጉ ወጣ ሲባል ሰምቶ ድስት የጣደ ሰው አስቀድሞ አውራጃውን መጠየቅ ነበረበት።

ረቂቅ ከሙያ ኮሚቴው ቢወጣም ገንዘብ የሚያስወጣ ከሆነ ወደ በጀት መርማሪው ኮሚቴ ይሄዳል። በአሴምብሊው በኩል 150,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ወጪ የሚያስከትል ረቂቅ በይደር ይቀመጥና በግንቦትና በነሐሴ በሚደረግ አንድ ስብሰባ ላይ የሁሉም ዕጣ ያለ ምስክርና ያለ ክርክር በፍጥነት ይነበባል። ብዙ ረቂቅ ምክንያቱ ሳይነገር የሚቀረው በዚህ ነው። ረቂቁ ይህንም አልፎ በሁለቱ ቤቶች ከጸደቀ አገረ ገዥው 12 ቀን፣ በጉባኤው መዝጊያ ከሆነ እስከ 30 ቀን ያህል ጊዜ አለው፤ ሳይፈርምም ሳይመልስም ቢቀር ረቂቁ ሕግ ይሆናል። አብዛኛው ሕግ በተከታዩ ጥር 1 ቀን መሥራት ስለሚጀምር፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ውልን፣ የዕቃ መለያ ጽሑፍንና ዋጋን ለማስተካከል ይጠቅማል።

የአገር ቤት ላኪ በራሱ ስም ቢጽፍ የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን እንደራሴው የሚሰማው የመረጠውን ሕዝብ ነውና ደብዳቤውን በዚያው የሚኖር ደንበኛው ቢጽፈው ይሻላል፤ ላኪው ቁጥሩን ያቅርብለት። አንድ ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያው መስመር የረቂቁ ቁጥርና «እደግፋለሁ»፣ «እቃወማለሁ» ወይም «ቢሻሻል እደግፋለሁ» የሚለው ይጻፍ፤ ከዚያ ሱቁ በየትኛው እንደራሴ ምርጫ ክልል እንዳለ፣ ስንት ሠራተኛ እንደሚያሠራ፣ በዓመት ስንት ጆንያ እንደሚገዛና አዲሱ ክፍያ በአንዱ ጆንያ ላይ ስንት እንደሚጨምር ይገለጽ፤ እንዲለወጥ የሚፈለገውም አንቀጽ ቃል በቃል ተጽፎ ይቅረብ።