ልቡ የደከመ ሕሙም ከአልጋው ይነሣን?

ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ሲመለስ ግን ዳገቱ ጤነኛውንም ቢሆን ቁና ቁና ያስተነፍሰዋል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለችና። በአራዳ ለሚኖር ሰው የልብ ድካም ብዙ ጊዜ ምልክቱን የሚያሳየው በዳገት ላይ ነው፤ ዓምና ሳያርፍ የወጣውን ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ቆሞ ይወጣዋል።

የልብ ድካም ማለት ልብ ቀጥ አለ ማለት አይደለም፤ ደምን ለአካል በሚበቃ መጠን መርጨት ተሳነው ማለት ነው። ስለዚህ ውሃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛው ጋደም ሲል ስለሚታፈን ትራስ ደራርቦ ያድራል። በአገራችን በወጣትነታቸው ለዚህ ከሚዳረጉት ብዙዎቹ፣ በልጅነታቸው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የልባቸውን በር የጎዳባቸው ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ልጁ ወይም እኅቱ ለማስታመም ከአልጋው አጠገብ ትቀመጣለች። ሊነሣ ሲሞክር፣ «አባባ፣ ይተኙ፤ እኔ አቀብልዎታለሁ» ትለዋለች። ከፍቅር የመጣ ነውና አንነቅፋትም፤ ሐኪሞችም በፊት ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበራቸውም። ልቡ የታመመ ሰው ለብዙ ሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ ይታዘዝ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሌቪንና ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች፣ የልብ ደም ሥር የተዘጋባቸውን ሕመምተኞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ አውርደው በወንበር እያስቀመጡ፣ ጉዳት አለማየታቸውን ጻፉ።

በ1966 ደግሞ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ በአልጋ እንዲቈዩ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው ለሥራ የሚጠቀምበት የአየር ኀይል ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደ ገና ሲመረመሩ፣ ያ የሦስት ሳምንት መኝታ ከ30 ዓመት እርጅና ይልቅ ጎድቷቸው እንደ ነበር ታወቀ። ሃያ ዓመት የሆነው ጎበዝ እንዲህ ከሆነ፣ የሰባ ዓመቱ የልብ ሕሙም እንዴት ይሆን? የጭኑ ሥጋ በጥቂት ቀናት ይሟሽሻል፤ የደከመ እግር ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ከልብ የበለጠ ደም ይጠይቃል።

በ2021 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 60 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ 349 የልብ ድካም ሕሙማንን ተመልክቷል። ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ ገና ሆስፒታል ሳሉ ሚዛን መጠበቅን፣ ከወንበር መነሣትንና መራመድን እንደየአቅማቸው ጀመሩ። ከሦስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ በርትተው ተገኙ። ተመልሶ ሆስፒታል መግባትን ግን በግልጽ አልቀነሰውም፤ ይህንንም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

ሥራው ታላቅ መሣሪያ አይሻም። ተቀምጦ ሳለ የሚያፍነው ነገር ሲተወው፣ በአልጋው ጫፍ እግሩን አውርዶ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ተደግፎ ይቆማል፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ ከወንበር እየተነሣ ይቀመጣል፤ በመጨረሻ በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ይራመዳል፣ ያርፋልም። መጠኑ እየተራመደ ለመናገር መቻሉ ነው። ደረቱን ከወጋው፣ ካዞረው ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ ወዲያው ይቁም። የልቡ በር እጅግ የጠበበበት፣ የልብ ምቱ ያልተስተካከለለት ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳይፈቅድለት ምንም እንዳይጀምር አጥብቀን እናሳስባለን።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሞያዎችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ነገር ግን ባለሞያው በየአልጋው አጠገብ ሊውል አይችልም፤ የምትውለው አስታማሚዋ ናት። ስለዚህ ሕሙሙ ከመውጣቱ በፊት እንዴት ደግፋ እንደምታነሣው ጠይቃ ትማር። ወደ አራዳ ሲመለስም ዳገቱን ትቶ ሜዳ ሜዳውን ይሂድ፤ በ2016 ዓ.ም. በተከፈተው በዓድዋ ድል መታሰቢያ አካባቢ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ አለ። አራዳ ጊዮርጊስ ሊሳለም የሚሄድም ስለ ስግደቱና ስለ መቆሙ ሐኪሙ ያለውን ለንስሐ አባቱ ይንገር። ጧት ጧት ከቁርስ በፊት ይመዘን፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ ውሃው እየተመለሰ ሊሆን ይችላልና፣ መራመዱን ትቶ ወደ ሐኪሙ ይሂድ።