ብርሃን፣ አረፋና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፦ ከአሰላ ከፍታ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ትንሽ ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን የሚታየው ከጥቂት ጠብታ በማይበልጥ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሆኖም ከበቆጂ ወይም ከሳጉሬ ወደ አሰላ የወረደ ታማሚ በዕለቱ መድኃኒቱን ይዞ መመለሱን ወይም ሌላ ቀን ተመለስ መባሉን የሚወስነው እርሱ ነው። ተመለስ የተባለ ሁሉ አይመለስም፤ ሳይመለስ በቀረ ጊዜም ሕመሙ ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል። ስለዚህ የምርመራን ፍጥነት እንደ ምቾት ጉዳይ አላየውም።

አስቀድሜ ነባሩን መንገድ ላስታውስ። አክታን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ መመልከት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያው እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ወደ 10,000 የሚደርስ መገኘት አለበት። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ያገኛል፤ ዋጋው ግን የሳምንታት ጥበቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. የደገፈው ጂን ኤክስፐርት በእነዚህ መካከል ገባ፦ በሁለት ሰዓት ገደማ፣ በሚሊ ሊትር 131 ያህል ባክቴሪያ ካለ ይለያል። በ2017 እ.ኤ.አ. የተከተለው አልትራ የተባለው ካርትሪጅ ይህን ወደ 16 አወረደው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ካርትሪጁ በውስጡ ትናንሽ ክፍሎች፣ የሚሽከረከር ቫልቭና ፈሳሹን የሚገፋ ፒስተን አለው። ከፈሳሽ ጋር የተዋሐደው አክታ ከገባ በኋላ ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያ ይያዛሉ፣ ይታጠባሉ፣ በአልትራሳውንድ ንዝረት ይሰበራሉ፤ የወጣው ዲኤንኤም ወደ ቀጭኑ የአጸፋ ክፍል ይገፋል። እዚያ ሙቀቱ እየወጣና እየወረደ ዲኤንኤው በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። ሁሉም ዙር ሙሉ ቢሳካ አንዱ ቅጂ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል። ፈሳሹ ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ የጥቃቅን ቱቦዎች ሳይንስ ዋና ትርፍ ይህ ነው።

ብዛቱን የሚነግረን ፍሎረሰንስ ነው። አንዳንድ ሞለኪውሎች ብርሃን ተቀብለው፣ ከጉልበቱ ጥቂቱን ካጡ በኋላ፣ ረዘም ያለ ሞገድ ያለው ሌላ ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ይህን ገለጸ። ፍሎረሲን የተባለው ቀለም በ490 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ በ520 አካባቢ አረንጓዴ ይመልሳል። ይህች የ30 ናኖሜትር ልዩነት ባትኖር ማጣሪያ መስታወት ደካማውን ምላሽ ከኃይለኛው መብራት መለየት ባልቻለ ነበር።

ሳንጃይ ትያጊና ፍሬድ ክሬመር በ1996 እ.ኤ.አ. በዚህ ላይ አንድ ብልኃት ጨመሩ። እኔ ሞለኪውላዊ ፋና እለዋለሁ። ይህ አጭር የዲኤንኤ ክር እንደ ታጠፈ ሽቦ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ይኖራል፤ በአንዱ ጫፍ ቀለም፣ በሌላው ብርሃኑን የሚያፍን ሞለኪውል አለ። ተስማሚውን ዘረመል ሲያገኝ ይዘረጋል፤ ጫፎቹ ይራራቃሉ፤ ፋናው ይበራል።

በመጀመሪያው ካርትሪጅ አምስት ፋናዎች አር.ፒ.ኦ.ቢ. በተባለው ዘረመል ውስጥ ያለውን የ81 ፊደላት ክፍል ይሸፍናሉ። ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የሚያስለምዱት ለውጦች አብዛኞቹ እዚያ ይገኛሉ። አምስቱም ቢበሩ በሽታው አለ፣ መድኃኒቱም ይሠራል ተብሎ ይነበባል። ሌሎቹ በርተው አንዱ ቢጨልም ወይም በጣም ቢዘገይ መድኃኒቱ የተለመደ መሆኑን ያመለክታል። አምስቱም ቢጨልሙ ባክቴሪያው አልተገኘም። ይሁንና አጸፋው ራሱ ከሽፎ ቢሆንስ? ለዚህ ሲባል ስድስተኛ ፋና በካርትሪጁ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠን ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ይከታተላል። ተማሪዎቼ ይህን እንዲይዙልኝ እወዳለሁ፦ ጨለማ ሁሉ አንድ ትርጉም የለውም፤ መሣሪያው በእርግጥ መመልከቱን የሚመሰክር ነገር ከሌለ "የለም" የሚለው መልስ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ከፍታችን ልምጣ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከጭላሎ ሥር ባቄላ የሚቀቅል ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል፦ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላው ግን ዘግይቶ ይበስላል። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፒሲአር ግን ሁለቱን የዲኤንኤ ክሮች ለመለየት ወደ 95 ዲግሪ ይወጣል። ስለዚህ ባልታሸገ ክፍል ውስጥ ፈሳሹ በየዙሩ ይፈላል። ባይፈላ እንኳ በውስጡ የሟሟው አየር ሲሞቅ አረፋ ይሆናል። አረፋው ብርሃኑን ይበትናል፣ ፈሳሹን ከመብራቱ ፊት ይገፋል፤ የመለኪያው መስመርም ይዘላል። እንዲህ ያለ መስመር እንደ ፋና መብራት ሊነበብ ይችላል። መፍትሔው ክፍሉን አጥብቆ ማሸግ ነው፤ ሲሞቅ የውስጡ ግፊት ይጨምራል፣ መፍላቱም ይከለከላል። በቤተ ሙከራ የምንወደው ለስላሳ ሲሊኮን አየርና እንፋሎት ስለሚያሳልፍ እንዲሁ አይበቃም። በባሕር ዳርቻ ተፈትኖ ያለፈ ንድፍ እዚህ ዳግም መፈተን አለበት።

ሌላም መንገድ አለ። ላምፕ የተባለው ዘዴ ዲኤንኤን በአንድ ወጥ ሙቀት፣ በ65 ዲግሪ ገደማ ያባዛል፤ ከ92 በእጅጉ ይርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ለሳንባ ነቀርሳ የመከረው የላምፕ ምርመራ ውጤቱ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር በዓይን ይነበባል። የመድኃኒት መለማመድን ግን አይናገርም። ስለዚህ ለጤና ጣቢያ መቃረቡን እያደነቅሁ፣ ምትክ ሳይሆን ረዳት አደርገዋለሁ።

ሁለት ገደቦችን ሳልጠቅስ አልጨርስም። አንደኛ፣ ብርሃኑ የሚናገረው ስለ ዲኤንኤ እንጂ ስለ ሕይወት አይደለም። የሞተ ባክቴሪያም ዲኤንኤ አለው፤ ስለዚህ ይህ ምርመራ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል አይውልም። ሁለተኛ፣ ምርመራው መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ካርትሪጁ ይባክናል። የአንዱ ዋጋ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ9.98 ወደ 7.97 የአሜሪካ ዶላር ቢቀንስም፣ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ አክታ የሰጠው ሰውም እንደገና ይጠበቃል።

ዛሬ መብራቱና የብርሃን መቀበያው ከሁሉ ርካሾቹ ክፍሎች ሆነዋል። አስቸጋሪው አክታን ማዘጋጀት፣ ክፍሉን ማሸግና መብራት ሲጠፋ መቀጠል ነው። እነዚህን በዚህ ከፍታ፣ በዚህ መብራትና በዚህ መንገድ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የመመረቂያ ሥራችሁን ስትመርጡ ከዚህ ጀምሩ።