ዘይት የሚበላ ሞተር፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ በባሌ ደጋ

በባሌ ደጋ፥ በሮቤ ዙሪያ ባለው በሲናና፥ እንደዚሁም በአጋርፋና በጋሰራ፥ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። አገሬው የበልጉን ወቅት «ገና»፥ የመኸሩን «ቦና» ይለዋል። የበልጉ እህል የሚደርሰው የሁለተኛው ወቅት ዝናም ሲቃረብ ስለ ሆነ፥ የአጨዳው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የደረሰ ስንዴ በማሳ ላይ እንደ ቆመ ዝናም ቢመታው፥ ፍሬው በዛላው ላይ ይበቅላል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በዚህ ሰዓት አንድ ኮምባይነር በሞተር ብልሽት ሦስት ቀን የቆመ እንደ ሆነ፥ የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ ሳይሆን ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ ነው።

ከሞተር ብልሽት ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ዘይት መብላት ነው። ነጂው በየማለዳው ጥቂት እየጨመረ ይሠራል፤ አንድ ቀን ሳይጨምር የዋለ እንደ ሆነ ግን ብረት ከብረት ይፋተግና ሞተሩ ይነክሳል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

መጀመሪያ ነገሩን በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ሞተሩ ከጠፋ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መለኪያው ዘንግ ተጠርጎ ይታይ፤ ዘይቱም እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላ። ከምልክቱ በላይ መሙላት ግን ጉዳት ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፥ በመተንፈሻውም ይወጣል። ከዚያ በኋላ የተጨመረው ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ብዙዎች የመኪና ሠሪዎች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ እንደ መጨረሻ ወሰን ይቀበላሉ፤ ደኅና ሞተር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበላል። ትራክተርና ኮምባይነር የሚሠሩት በሰዓት ስለ ሆነ፥ ዘይቱን ከናፍጣው ጋር ማነጻጸር ይሻላል፤ ለ100 ሊትር ናፍጣ የሚጨመረው ዘይት ወደ 1 ሊትር የተጠጋ እንደ ሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ዘይት የሚጠፋበት መንገድ ሦስት ነው፤ ወደ ውጭ ይፈሳል፥ በሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል፥ ወይም ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ምርመራውም ወጪው ከሚያንሰው መጀመር አለበት። ሞተሩ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ሠርቶ ቢታይ፥ የሚያፈሰው ቦታ ራሱን ያሳያል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጓርኒሲዮን ወይም ያልጠበቀ ብሎን ነው። የሞተሩ መተንፈሻ የተደፈነ እንደ ሆነ ግን፥ በውስጡ የታመቀው አየር ዘይቱን በየጎሚኒው እየገፋ ያወጣዋል፤ በዚህ ጊዜ መተንፈሻውን ሳያጸዱ ጎሚኒ መለወጥ ከንቱ ድካም ነው። የራዲያተሩ ውሃ ዘይት ያዘለ፥ ወይም ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና የነጣ እንደ ሆነ፥ ሞተሩን ወዲያው ማቆም ነው።

የሚቃጠል ዘይት በሰማያዊ ጭስ ይታወቃል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ምልክት እንጂ የዘይት አይደለም። ይህንንም በባሌ መለየት ያሻል፤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፥ በዚያ አየሩ ይሳሳል፤ ደኅናው ሞተርም ሊጠቁር ይችላል። የቤንዚን መኪና ግን ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል በማርሽ ሲወርድ ቆይቶ፥ እንደገና ነዳጅ በተሰጠው ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ቢተፋ፥ የቫልቩ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው። ዳገት ሲወጣ ሳያቋርጥ ቢጨስ ግን የፒስተኑ ፋሻ ይጠረጠራል። መካኒኩም በየሲሊንደሩ ያለውን ግፊት ይለካል፤ ከዚያም በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ነው፤ ባይለወጥ ጥፋቱን በቫልቩ በኩል ይፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሞተር ማስፈታት ገንዘብን መጣል ነው።

ነገርን ከሥሩ ማየት ይገባልና፥ ፋሻ ያለ ጊዜው የሚያልቅበት አንዱ ዋና ምክንያት አቧራ ነው። በአጨዳ ጊዜ ገለባና አቧራ ኮምባይነሩን እንደ ደመና ይከበዋል። ፊልትሮው የተቀደደ ወይም ቧንቧው የላላ እንደ ሆነ፥ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የወረቀት ፊልትሮ በጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ ይቀደዋል፤ በለዘብተኛ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፥ ሲያረጅም ይለወጥ።

አንዳንዶች ዘይት መብላቱን ለመሸፈን እጅግ ወፍራም ዘይት ይሞላሉ። ይህ ሕመሙን መደበቅ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፥ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆኑ ማለዳው ብርድ ነው፤ ወፍራም ዘይትም ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፥ በዚያም መካከል ብረቱ ያልቃል። ሠሪው የወሰነውን ዐይነት መጠበቅ ይገባል።

የተለወጠውም ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ በሻያና በዌብ ወንዝ ዳር አይፈሰስ፤ ሰውና ከብት ይጠጣዋልና።

እንግዲህ ለአስተዳዳሪዎችና ለባለ እርሻዎች የሚገባው ይህ ነው፤ ኮምባይነር ሲከራዩ የዘይቱን ደብተር አስቀርበው መመልከት፥ መመርመሩንም አጨዳው አንድ ወር ሲቀረው እንዲፈጸም ማዘዝ። ደብተር የሌለው ነጂ በማሳ መካከል የሚሆነውን አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። በጊዜው የተለወጠ ጎሚኒ ዋጋው ጥቂት ነው፤ በማሳ ላይ የበቀለ ስንዴ ግን በምንም ገንዘብ አይመለስም።