ፕላኔታሪየም፤ በጣሪያ ሥር ያለ ሰማይ

ከዋክብትን ለማየት ሌሊቱን መጠበቅ፥ ደመናውንም መታገሥ ግድ ነው ብለን ላደግነው ሁሉ፥ በቀትር ወደ አንድ ክብ ቤት ገብቶ ሰማይን ማየት ይቻላል ቢሉን ተረት ይመስለናል። ፕላኔታሪየም የሚባለው ግን ይኸው ቤት ነው። ጣሪያው ጉልላት የሆነ አዳራሽ ሲሆን፥ ተመልካቹ ወደ ኋላ ጋለል ብሎ ይቀመጣል፤ መብራቱ ሲጠፋም ጣሪያው ሰማይ ይሆናል። በብዙ አገር አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት ስፍራ ነው።

ነገሩ ከቤተሰብ ጋር የተዛመደው ዛሬ አይደለም። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1774 በሆላንድ አገር፥ በፍሪስላንድ፥ አንድ ቄስ ጨረቃና ፕላኔቶች በሰማይ ላይ ተጠጋግተው ስለሚታዩ መሬት ከምሕዋሯ ልትወጣ ትችላለች የሚል ጽሑፍ ቢያወጣ ሕዝቡ ተሸበረ። በፍራኔከር ከተማ የበግ ጠጉር እያበጠረ የሚኖረው አይሰ አይሲንጋ ግን በዚያው ዓመት በገዛ ሳሎኑ ጣሪያ ላይ ፕላኔቶችን ሰቅሎ፥ በፔንዱለምና በባለጥርስ መዘውሮች እንደ እውነተኛው ፍጥነታቸው እንዲዞሩ ማድረግ ጀመረ። ሥራው በ1781 ተፈጸመ። በዚያ ጣሪያ ላይ ሳተርን አንድ ዙር ለመጨረስ 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ቤቱ አሁንም አለ፤ መዘውሩም ይሠራል። ፍርሃትን በስብከት ሳይሆን በመዘውር መመለስ ሸጋ ዘዴ ነው እንላለን።

የአይሲንጋ ጣሪያ የሚያሳየው ግን ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደሚሄዱ እንጂ፥ ከመሬት ሆኖ የሚታየውን ሰማይ አይደለም። ይህን የፈጸሙት ጀርመኖች ናቸው። የሚዩኒክ ዶይቸ ሙዚየም መሥራች ኦስካር ፎን ሚለር፥ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት፥ በላዩም የሚዞር ትልቅ ባዶ ሉል እንዲሠራለት የዛይስን ኩባንያ ጠየቀ። ከባድ ነበር። የኩባንያው መሐንዲስ ቫልተር ባወርስፌልድ ሐሳቡን ገለበጠው፤ ጉልላቱ ባለበት ቆሞ የሚዞረው ብርሃኑ እንዲሆን አደረገ። መካከል ላይ በተተከለው ሉል ውስጥ ብርቱ መብራት ይበራል፤ ብርሃኑም የከዋክብት ነጥብ በተሠራባቸው ሰሌዳዎችና በመስተዋት ሌንሶች አልፎ ጉልላቱ ላይ ያርፋል። በ1923 ሚዩኒክ ላይ የታየው የመጀመሪያው መሣሪያ 4,500 ያህል ከዋክብት ያሳይ ነበር። አንዱን ዓመት በጥቂት ደቂቃ ማስኬድ ስለሚቻል፥ እረኛ ዓመት ሙሉ ተመልክቶ የሚያስተውለውን ልጅ ተቀምጦ ያያል።

ከልጅ ጋር ሲሆን አንድ ችግር አለ፤ ጨለማውን ይፈራል። መብራቱን ቦግ እልም ቢያደርጉት ማልቀሱ አይቀርም። ስለዚህ ዐዋቂ ተናጋሪ ፀሐይን በቀስታ ያጠልቃል፤ አድማሱ ይቀላል፥ ከዚያ አንድ ኮከብ፥ ከዚያ ሁለት። ዓይንም ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ያገኛል። ልጁ ፍርሃቱን ሳያውቀው ረስቶታል።

አሁን አሁን ተናጋሪው ቀርቶ የተቀዳ ፊልም ብቻ የሚታይባቸው አዳራሾች አሉ። ፊልሙ ያማረ ነው፥ አንክድም። ነገር ግን አንድ ልጅ «ጨረቃ ለምን ትከተለኛለች?» ብሎ ቢጠይቅ ፊልም አይመልስለትም። በእኛ ግምት ትርኢቱን ከሲኒማ የሚለየው ይህ ጥያቄና መልስ ነው፤ ሁለተኛውም ልጁ በዚያው ማታ ከደጁ ወጥቶ የሚፈልገው ነገር ይዞ መሄዱ ነው።

የመጀመሪያው የሚዩኒክ መሣሪያ የዚያን አገር ሰማይ ብቻ ያሳይ ነበር። ቀጥሎ የተሠራው ግን ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ያዘነብላል፤ ተናጋሪው ከፈለገ የበርሊንን ልጅ የአዲስ አበባን ሰማይ ያሳየዋል። የሰሜን ኮከብ ዝቅ ብሎ አድማሱን ሊነካ ይደርሳል፤ በርሊን ላይ ፈጽሞ የማይወጣው የደቡብ መስቀልም ብቅ ይላል። የኛ አገር ልጅ ለዚህ ጉልላት አያስፈልገውም። በግንቦት መጀመሪያ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፥ ሰማዩ ጠርቶ የመንገድ መብራት ካልጋረደው፥ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያዞር መስቀሉን፥ ወደ ሰሜን ቢመለስ ታላቁን ድብ በአንድ ሰዓት ያያቸዋል።